ያልተከፈቱት የፀደይ ደብዳቤዎች

ሳይሚ ራሳነን ለአምስተኛ ጊዜ ወደቀች። አዎ፣ ለአምስተኛ ጊዜ! ሰው አንዴ ሲወድቅ አይዞህ ይባላል። ሁለቴ ሲወድቅ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ሦስተኛው ላይ ወሬ ይቀይሩለታል። አምስተኛው ላይ ግን የፊንላንዷ ከተማችን የኢሳልሚ ሰው ከሩቅ ሲያየው መንገድ ያቋርጣል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚለው ቢጠፋው ነው።

ዕድሜዋ ሃያ አምስት ነው። በከተማዋ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳትነት ትሠራለች፤ ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ጫማ ታስራለች። ከሃያ አንድ ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ ላይ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ትቀመጣለች፤ በየዓመቱ ጁላይ ላይ "አልተመረጡም" የሚል መልስ ይደርሳታል። ዘንድሮ የጎደላት ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ብቻ! ሃያ ቢጎድላት ይሻላት ነበር፤ ቁርጧን አውቃ ታርፍ ነበር።

ዘንድሮ ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። ሰልችቷት ይሁን ፈርታ፣ ማመልከቻዋ ላይ በሁለተኛ ምርጫነት ነርስነትን ሞልታ ነበርና እዚያ ተቀበሏት። ቦታውን መፈለጓን እስከ ዛሬ፣ እስከዚህ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካላሳወቀች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዝም ማለት ብቻውን እምቢታ ነው።

"ታዲያ ምን ያስጨንቃታል? ነርስነቱን ትያዝና በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትሞክራ!" የሚል አይጠፋም። በእኛ አገር እንዲህ ቀላል አይደለም ጌታዬ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ወንበር የሚያስቀምጡት ከዚህ በፊት የትም ኮሌጅ ቦታ ተቀብሎ ለማያውቅ አዲስ አመልካች ነው። አንዴ እሺ ያለ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ባይገባ፣ ከአዲሶቹ ዝርዝር ይወጣል። የሚቀረው ሺህ ሰው የሚጋፋባት ጥቂት ወንበር ናት። ሰፊው በር ይዘጋል፣ ጠባቡ ይቀራል። ሳይሚ ዛሬ "እሺ" የምትለውን ቁልፍ ከነካች፣ ሐኪም የመሆን ነገር ለሷ አለቀ ማለት ይቀላል።

ይህን ሁሉ ሌሊቱን ስታገላብጥ አድራ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ አባቷ የአጃ ገንፎውን እየበላ ነበር። ቬይዮ የወተት ቦቴ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገበሬ ደጅ ወተት ሲያነሳ የኖረ፣ በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ የበዛበት ሰው።

"አንብበው" አለችና አንድ ደብዳቤ በሳህኑ አጠገብ ገፋችለት።

"የሰው ደብዳቤ?"

"የኔ ነው። እኔ ፈቅጄልሃለሁ፤ አንብበው አባዬ!"

ቬይዮ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ደብዳቤው አጭር ነበር።

"ሳይሚዬ፣ በሁለት ነጥብ ወደቅኩ፣ ነርስነት ግን ተቀበሉኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አዝኛለሁ። አሁን የምጽፍልሽን ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ነርስነቱን ተቀበዪው። ሰፊው በር እንደሚዘጋብሽ አውቃለሁ፤ እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። እንዲዘጋ ነው የምለምንሽ። ሌላ ፀደይ አልችልም። ላውሪ።"

"አየህልኝ?" አለችው። "ሌላው ሰው ቢንቀኝ አይገርመኝም። ላውሪ ግን! አራት ዓመት ያመነብኝ ሰው ነው። እሱም በቃሽ አለኝ።"

ላውሪ ታርቫይነን ማን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ሳይሚ መጀመሪያ ጊዜ ፈተና የተቀመጠች ዕለት ከጎኗ የነበረ፣ እርሳሱ ሦስቴ የተሰበረበት ልጅ ነው። አንዱን እርሳሷን ሰጠችው። ያን ዓመት ሁለቱም ወደቁ። በሚቀጥለው ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ከረሙና ደግመው ወደቁ፤ ተያይተው ሳቁ፣ በዚያው ሳቅ መሀል ሳማት። በሦስተኛው ዓመት እሱ አለፈ፣ እሷ ወደቀች። ሳቁ ያን ጊዜ አበቃ።

የላውሪ አባትና እናት ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፤ አያቱም ሐኪም ነበር። ቤታቸው ኩኦፒዮ ከተማ ሐይቅ ዳር ነው። ሳይሚ እዚያ ቤት ገብታ የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላውሪ ካለፈ በኋላ እንጋባ ሲላት አንድ ነገር ማለች፦ "የናንተን ደጅ የምረግጠው ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ነው። ከዚያ በፊት የሽማግሌ ጫማ የምታስር ሴት ሆኜ ማዕዳችሁ ላይ አልቀመጥም።" ቢለምናት አልሰማችም። የገና በዓል ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ጠርተዋት ሁለቴም ቀረች።

ደግሞ ሌላ ደንብ አወጣች። ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ውጤቱ ድረስ የንባብ ወራት ነው፤ ማንም እንዳያናግረኝ አለች። ስልኳን አጥፍታ ለአባቷ ትሰጠዋለች። ላውሪ አይደውል፣ አይምጣ። ደብዳቤ ከጻፈ ይጻፍ፣ እሷ ግን የምትከፍተው ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ሰውም አከበረላት። የእኛ ሰው ደግሞ ሲያከብር ዝምታን የሚያህል ክብር አያውቅም፤ የሚያነብ ሰው ካለ በርም በቀስታ ነው የሚዘጋው።

ቬይዮ ደብዳቤውን አጥፎ አስቀመጠ። ገንፎውን ትቶታል።

"ሌሎቹንስ?" አላት።

"የትኞቹን?"

"ከፀደይ ጀምሮ የመጡትን። ፖስታ ሳጥኑን የምከፍተው እኔ ነኝ እኮ። ስድስት ናቸው።"

"መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ወድቄ ምን ልሁን ብዬ እከፍታቸዋለሁ? ፍቅሩን እያነበብኩ ላልቅስ?"

"ክፈቻቸው።"

"አሁን?"

"አሁን። እኔ ፊት።" ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። አባቷ ምግብ ሳይጨርስ ሲተው አይታ አታውቅም።

ስድስቱን አምጥታ በየቀናቸው ተራ መክፈት ጀመረች። የመጀመሪያው የሐይቁ በረዶ መቅለጡን፣ የሠራው ሾርባ ማረሩን ይናገራል። ሁለተኛው ናፍቆት ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ጽሑፉ ተጣሟል። "አባዬ ማገዶ ሲፈልጥ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። አጠገቡ ነኝ።"

ሳይሚ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ቬይዮ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። የአራተኛውን ፖስታ ቀደደችው።

"ሳይሚዬ፣ አባዬ ትናንት ጠዋት አረፈ። እጁን ይዤው ነበር። ቀብሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ፈተናሽ ማክሰኞ ስለሆነ ነይ አልልሽም። ግን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጎኔ፣ አንድ ቦታ ክፍት አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ።"

አምስተኛው ሦስት መስመር ነበር።

"ክፍቱ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። አክስቴ ልትቀመጥበት ስትል ሰው ይመጣል አልኳት። አልተቀየምኩሽም፣ ፈተና ነው።"

ስድስተኛውን አንብባ መጨረስ አልቻለችም። ፊደሉ ሁሉ እንባ ሆነባት። "ወይኔ! ወይኔ ላውሪ!" ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሜይ ላይ የሞተን ሰው መርዶ በጁላይ ተረዳች። ቅዳሜ ዕለት እሱ ክፍት ወንበር ሲጠብቅ፣ እሷ እዚሁ ወጥ ቤት ተቀምጣ የኩላሊት ሥዕል እየሳለች ነበር። ጥሩ አድርጋ መሳሏን፣ በሥዕሏ መደሰቷን ሳይቀር አስታወሰች።

ድንገት ቀና አለች። "አንተ ታውቅ ነበር!"

ቬይዮ ራሱን ነቀነቀ። "ጋዜጣ ላይ አየሁት። ስማቸው ከነመስቀሉ ወጥቶ ነበር።"

"እና ጋዜጣውን የት አደረስከው?"

"በዚያ ገጽ የሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ እሳት አያያዝኩበት።"

"አባዬ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ሳምንት ነበር የቀረሽ። ፈተናው ይለፍ አልኩ። ፈተናው ሲያልፍ ደግሞ ውጤቱ ይምጣ፣ ደስ ሲላት እነግራታለሁ አልኩ። ውጤቱ ሲመጣ ደስታ የለም። ከዚያማ አፈርኩ።" ቁጣም ልመናም ባለበት ድምፅ፣ "ደሞስ ሳይሚ፣ ሁላችንንም ዝም በሉኝ ያልሽን አንቺ አይደለሽም?" አላት።

ንዴቷን የምታሳርፍበት ሰው ፈለገች፤ ዞራ ዞራ ከራሷ በቀር አላገኘችም።

ስድስት ሰዓት ላይ የአባቷ አሮጌ መኪና ውስጥ ገቡ። ኩኦፒዮ፣ ላውሪ ቤት ድረስ፣ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፤ "ቦታውን ተቀብያለሁ" የሚለው ገጽ ተከፍቶ ይጠብቃታል። አሁን ያ ደብዳቤ ሌላ ሆኖባታል። ሌላ ፀደይ አልችልም ያለው ንቆኝ አይደለም፤ አባቱን ብቻውን ቀብሮ ነው፣ እኔን ነይልኝ ማለት አቅቶት ነው አለች በሆዷ። ነርስነቱን ልቀበል፤ ለዚህ ሰው ያጠፋሁትን ጥፋት በምን ልካስ? እያለች ጣቷን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

"ፊቱን ሳላይ አልነካውም" አለች ጮክ ብላ።

"ምኑን?" አለ አባቷ።

"ዝም ብለህ ንዳ አባዬ።"

የታርቫይነኖች ቤት ደጅ ሲደርሱ ቬይዮ ከመኪናው አልወርድም አለ። የላውሪ እናት ዶክተር አኑካ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አተር እየፈለፈሉ ነበር። ከስተዋል። ጥቁር ሹራባቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ሳይሚን ሲያዩ አልተነሱም።

"ዘገየሽ" አሉ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት ዶክተር። እኔ… ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"ዛሬ?" አኑካ የአተሩን ልጣጭ ሳህን ውስጥ ጣሉ። "ልጄ ፈተና እንዳይረብሽሽ ስልክ ትቶ በእጁ ጽፎልሽ፣ ዛሬ ሰማሁ ትዪኛለሽ? እንደሱ አይባልም። ፈተናዬ በለጠብኝ በዪ፣ እሱን እችለዋለሁ።"

"አልከፈትኩትም ነበር። ደብዳቤውን ሁሉ አልከፈትኩትም። ውጤቱ እስኪመጣ ብዬ መሳቢያ ውስጥ… አባቴም አይቶ ደበቀኝ። ማለትም ለኔ ብሎ ነው።" የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። "ዶክተር፣ እኔ ቀብር የምቀር ሰው አይደለሁም። ባውቅ ፈተናውን ጥዬ እመጣ ነበር።"

አኑካ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሲዋሽና ሲያመው ይለያሉ።

"እኔ ደግሞ አንብበሽው የቀረሽ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ጠላሁሽ" አሉ በመጨረሻ። "ባለቤቴ ኤስኮ አልጋ ላይ ሆኖ መናገር እያቃተው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ላውሪ ሊደውልልሽ ሲነሳ 'ልጅቷ እያነበበች ነው፣ እንዳትረብሿት' አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናገረም። አየሽ፣ ሁላችንም ጨዋ ነን። በጨዋነታችን አንቺን ከቀብሩ አስቀረንሽ።"

ሳይሚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አኑካ ግን አልጨረሱም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ቤት ሁለት ዓመት አልረገጥሽም። ማን ከለከለሽ?"

"ማንም።"

"እኔ ፊት ነስቼሻለሁ?"

"አይደለም። ሐኪም ለመሆን ስገባ እመጣለሁ ብዬ ነው። እናንተ ዘንድ እኩል ሆኜ…"

"እና ማን ነው እኩል አይደለሽም ያለሽ?"

ሳይሚ አሰበች። የአንድ ሰው ስም ለመጥራት ከልቧ ፈለገች። ያቺ አንዲት ጊዜ የመጣች ዕለት ዶክተር ኤስኮ ድንች እንድትልጥ ሰጥተው ስለ ወተት ቦቴ ጎማ ነበር ሲጠይቋት የዋሉት። የናቃት ሰው አልነበረም። ንቀቱን ከቤቷ ይዛው የመጣች እሷ ነበረች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እንግዲያውስ ይህን ሂሳብ ከኔ ጋር አታወራርጂው" አሉ አኑካ፣ በረጋ ድምፅ። እጃቸውን ዘርግተው ፀጉሯን ከፊቷ ገለጥ አደረጉላት፤ እጃቸው አተር አተር ይሸታል። "ላውሪ መቃብሩ ጋ ነው። አበባ ሊያጠጣ ሄዷል። ሂጂ ልጄ።"

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ መቃብር ቦታው ደረሰች። የበርች ዛፎቹ መሀል ሙቀቱ በርትቷል። የዶክተር ኤስኮ መቃብር ድንጋይ ገና አልቆመለትም፤ ነጭ የእንጨት መስቀል ነው። ላውሪ የውኃ ማጠጫውን ይዞ ጀርባውን ሰጥቷታል። ስሙን ጠራች።

ዞሮ አያት። ውኃው እየፈሰሰ ጫማውን አራሰው፤ አላስተዋለም።

"መጣሽ" አለ። ሰላምታ አልነበረም። "ቦታ ይዤልሽ ነበር ሳይሚ።"

"አሁን ነው ያነበብኩት። ዛሬ ጠዋት።"

"ምን?"

"ሁሉንም። ከመጨረሻው በቀር አንዱንም አልከፈትኩም ነበር። አባትህ መታመማቸውንም፣ ማረፋቸውንም፣ ወንበሩንም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት።"

ላውሪ ማጠጫውን አስቀመጠና እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅ ይሁን ሊጮህ አልታወቀውም። "ሳታነቢው ነው? እኔ እኮ… ሁለት ወር ሙሉ ምን ስል እንደከረምኩ ታውቂያለሽ? አንብባዋለች፣ አዝናለች፣ ከዚያ መጽሐፏን ገልጣለች እል ነበር። ፈተናው እንደ ሌላ ወንድ ሆኖብኝ ነበር።"

"አሁን እቀበለዋለሁ።" ስልኩን አወጣች፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። "ነርስነቱን። አንተ ፊት እቀበለዋለሁ፣ ሌላ ፀደይ የለም። ይኸው።"

"ቆይ!" እጇን ያዘው። ከኤፕሪል ወዲህ ያልነካው እጅ ነው፤ ሁለቱም ደነገጡ። "ለኔ ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"ለኔ ከሆነ ተይው። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት በደህና ልብ አይደለም። ላንቺ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ ያንን ፈተና ልቀማሽ ፈልጌ ነው። ፖስታ ውስጥ ስከተው አፍሬ ነበር፣ ግን ከተትኩት። ዛሬ ብትነኪው አርባ ዓመት ሙሉ በገበታ ላይ ታዪኛለሽ፣ በሩን የዘጋብኝ ይሄ ነው እያልሽ። እኔም ታየኛለች እያልኩ።"

"እና ምን ላድርግ?" ጮኸች፤ እዚያ ማዶ አበባ የሚተክሉ አሮጊት ቀና አሉ። "ስድስተኛ ጊዜ ልፈተን? ሰባተኛ? ሰው ሁሉ መንገድ እያቋረጠብኝ?"

ላውሪ ቀስ ብሎ፣ "አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ" አለ። "እኔ ባልኖር፣ እናቴ ባትኖር፣ ያ ቤት ባይኖር፣ ማንም ዶክተር ሳይሚ ብሎ ባይጠራሽ፣ ሐኪም መሆን ትፈልጊያለሽ?"

"አዎ" ልትል አፏን ከፈተች። አላለችም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለምን እንደተፈተነች ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለዚያ ደጅ ነው። ዛሬ ያ ደጅ ክፍት ሆኖ ተገኘ፣ ድሮም ተዘግቶ አያውቅም። እንግዲህ ምን ቀረ? ፈራች። ምንም ባይቀርስ? አምስት ዓመት ለከንቱ ኩራት ሄዶ ቢሆንስ?

"መኖሪያው ውስጥ ሂልያ የምትባል አሮጊት አለችን" አለች። ለምን እሷ ትዝ እንዳለቻት አላወቀችም። "ክረምት ላይ እግሯ አበጠ። ተረኛ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ስለ እግሯ ስነግረው 'ስንት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው?' አለኝ። ሦስት አልኩት። 'በፊትስ?' አለ። አንድ። 'ልቧ ነው' አለና መድኃኒት ቀየረላት፤ በሳምንቱ ተሻላት። እኔ እግር አልኩት፣ እሱ ትራስ ቆጠረ፣ ልብ አገኘ! በየማታው ትራሱን የምደረድርላት እኔ ነበርኩ እኮ ላውሪ። በእጄ ይዤው አላየሁትም። የምሳ ሰዓቴን ሁሉ ምን አገናኘው እያልኩ ሳነብ ከረምኩ። ልብ ሲደክም ውኃ እግርም ሳንባም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ፈተና ላይ አይመጣም። ማንም አልጠየቀኝም።"

"እና?"

"እና እፈልጋለሁ።" እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። "እግዜርን፣ እፈልጋለሁ። ሂልያን ነርስም ሆኜ እወዳታለሁ፤ ግን ያንን ጥያቄ መጠየቅ የምችለው ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ለናንተ ቤት አይደለም። እስካሁን አላውቅም ነበር።"

"እንግዲያው አትንኪው።"

"ብወድቅስ?"

"ልትወድቂ ትችያለሽ።" አልዋሻትም። "ሁለት ነጥብ መሙላቱ እርግጠኛ ነገር አይደለም።"

"ደግሞ ብወድቅስ?"

"ደግሞ አብረን እራት እንበላለን። ግን ያ ዝምታ አይደገምም ሳይሚ። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ሙት ሆነሽ አልጠብቅሽም። እዚያ ላይ ጨክኛለሁ። የምታነቢ ከሆነ እኔ ባለሁበት ጠረጴዛ ላይ ታነቢያለሽ። አባትሽ ቢያመው፣ እናቴ ብትወድቅ፣ መጽሐፉ ይዘጋል። ያን ካልቻልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።"

"እችላለሁ" አለች። "ያንን ዝምታ ነው ያልቻልኩት።"

ስልኩን ሣሩ ላይ በመካከላቸው አኖረችው። ዘጠኝ ሰዓት ለመሙላት ሰባት ደቂቃ ነበር። ሰባት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ያላየ አያውቀውም። አምስት ሲቀረው ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ደሞዙን አሰበች፣ እርግጠኛውን ሥራ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ተምሮ ነጭ ልብስ መልበሱን አሰበች። ሁለት ሲቀረው "ላውሪ፣ ፈራሁ" አለች። "እኔም" አላት። አልከለከላትም፣ አልገፋፋትም፤ እጇን ብቻ ይዟል። ከዚያ ገጹ ራሱን አደሰ፣ አረንጓዴው ቁልፍ ጠፋ፣ ቦታውም ሄደ።

"ቆጨሽ?" አላት።

"አዎ" አለች እውነቷን። "በጣም ቆጨኝ። አሁንም ቢሆን ግን አልነካውም።"

ተነስታ ወደ ነጩ መስቀል ሄደች። ቀብሩ ላይ ያልተገኘችላቸው ሰው መቃብር ፊት ቆመች። በእጇ አበባ የለም፣ ጥቁር አልለበሰች፣ የአረጋውያኑን ቤት ሰማያዊ የሥራ ሸሚዝ እንደለበሰች ነው። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ ኤስኮ" አለች፤ በሕይወት ሳሉ ዶክተር እንጂ ጋሼ ብላቸው አታውቅም። ተንበርክካ በመዳፏ አፈሩን ነካችው፤ ገና እርጥብ ነበር።

ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ላውሪ ጉልበቱን አቅፎ አንገቱን ደፍቷል። ቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እንዴት ጠንካራ ልጅ ነው ብሎ ያደነቀው ላውሪ፣ እንደ ሕፃን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል። ሮጣ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ራሱን ደረቷ ላይ አደረገችው። አይዞህ አላለችውም። ለቅሶ የዘገየ ሰው አይዞህ የማለት መብት ያለው አልመሰላትም።

"ንገረኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ማገዶ ሊፈልጡ ከወጡበት ጠዋት ጀምረህ። ማን አገኛቸው፣ ምን አሉ፣ ሆስፒታል ምን አሏችሁ፣ ቀብሩ ላይ ምን ተዘመረ። አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።"

"ረጅም ነው ሳይሚ።"

"ይርዘም።"

ላውሪ ፊቱን በእጁ ጠረገ። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣ አለው፤ ከዚያ ስለዚያች ጠዋት መናገር ጀመረ። ሳይሚ እጁን ይዛ አዳመጠችው። በየመሀሉ ታለቅሳለች፣ በየመሀሉ "እሺ፣ ከዚያስ?" ትላለች። በሁለት ወር ውስጥ ይህን ሰው ከዚያስ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።